በፋይሉ መሐል የተጻፈ ስድብ

ሦስተኛው ኩብ ሲፈርስ ክብሪት መጭመቂያ ማሽኑን በእርግጫ አለችው። ማሽኑ ምን አጠፋ? የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ኮንክሪቱን ጨምቆ ጨምቆ፣ እስኪሰበር ድረስ ምን ያህል ሸክም እንደቻለ በትንሿ መስኮቱ ላይ አሳየ። ቁጥሩ ግን የሚያሳፍር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ኮንክሪት ብሎ ከመሸጥ ጭቃ አድርቆ መሸጥ ይሻላል።

ክብሪት ብለው ስም ያወጡላት የፋብሪካው ሾፌሮች ናቸው። ቀጭን ናት፤ ትንሽ ከነኳት ትነዳለች። መጀመሪያ ላይ እንዳትሰማ እየተደበቁ ነበር የሚጠሯት፤ እሷ ግን ስሙን ወደደችውና በላብራቶሪው በር ላይ ራሷ ጽፋ ለጠፈችው። ሥራዋ ከማደባለቂያው የሚወጣውን ኮንክሪት መፈተን ነው። ከጭነቱ ላይ ትቀንስና በብረት ቅርጽ ሞልታ ኩብ ትሠራለች፤ ኩቡን ውሃ ውስጥ ታቆየዋለች፤ ዕድሜው ሲደርስ ታወጣውና ትጨምቀዋለች። የዛሬዎቹ ኩቦች የተወሰዱት ከፋብሪካው አጥር ማዶ የሚሠራው መኖሪያ ሕንፃ ኮለኖች በተሞሉ ጊዜ ነው። ኮለን ማለት የቤት እግር ማለት ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ በነዚያ እግሮች ላይ ሶሌታው፣ ማለትም የሚቀጥለው ፎቅ ወለል፣ ሊፈስስ ተቀጥሯል።

“ውሃ!” አለች ለብቻዋ ጮክ ብላ። “ውሃ ነው ያጠጡት!”

ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ሲፈስስ ደስ ይላል፣ ሲደርቅ ይከዳል። ኮለኖቹ የተሞሉት በጠዋቱ ፈረቃ ነው፤ በጠዋቱ ፈረቃ ማደባለቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። ክብሪትን እንዲያ ያንጨረጨራት ይኸው ነበር።

እሷ ጋሼ ትለዋለች። ሰው ሁሉ ከእሷ ተቀብሎ ጋሼ ይለዋል፤ በዕድሜ የሚበልጡት የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ “ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?” እያሉ ነው በር የሚከፍቱለት። አባታቸው ከሞተ በኋላ እሷን ያስተማራት ቀኑን ሙሉ በሎደር አሸዋ ሲዝቅ እየዋለ ነው። ሲናደድ ዝም ይላል፣ ሲደሰትም ዝም ይላል፤ የትኛው ዝምታ የቱ እንደሆነ የምትለየው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም አንዳንዴ ትሳሳታለች።

“ጋሼ ተሳስቶ ይሆን?” ብላ አሰበች። ሐሳቡ ራሱ አናደዳትና ማሽኑን በእርግጫ ደገመችው።

ኮንክሪቱ የሚደባለቀው በኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፈችው ክብሪት ራሷ ናት። ፕሮግራም ሲባል ብዙውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። ሰው የሚጽፈውና የሚያነበው ኮድ አለ፤ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ ደግሞ ማሽን ብቻ የሚያውቀው፣ ሰው ቢከፍተው ምኑም የማይገባው የታሸገ ነገር ይወጣል፤ የሚሠራውም ያ የታሸገው ነው። የክብሪት ግን እንደዚያ አልነበረም። አንዲት ፋይል ናት፣ በቃ። ኮምፒውተሩ ያችኑ ፋይል እንዳለች ከላይ እስከ ታች ያነባታል፣ እዚያው ይሠራታል። ቁጥር መለወጥ ሲያስፈልግ ፋይሏ ትከፈታለች፣ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው መኪና በአዲሱ ቁጥር ይሞላል። የተጻፈውና የሚሠራው አንድ ስለሆነ፣ ማደባለቂያው ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያነብ ነበር።

የማደባለቂያው ክፍል ሰዎች ይህን ከለመዱ በኋላ ፋይሉን ቤታቸው አደረጉት። በሁለት ጭረት የሚጀምር መስመር ማሽኑ አያነበውም፤ ዘልሎት ያልፋል፣ ለሰው የተተወ ነው። ጋሼ ቁጥር በለወጠ ቁጥር ከጎኑ ሁለት ጭረት ያደርግና “አሸዋው ዝናብ መቶት ነው የመጣው፣ ውሃ ቀንሻለሁ” ብሎ ይጽፋል። የከሰዓቱ ተረኛ ከሥሩ “አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ይመልስለታል። የሎደሩ ሾፌር አንድ ቀን “ጓንቴን የወሰድክ ሰው መልስ፣ አውቄሃለሁ” ብሎ ጻፈበት፤ ሲያድር ከሥሩ “ካወቅከኝ መጥተህ ውሰድ” የሚል መልስ ተገኘ። ክብሪት ስታየው ጮኸችባቸው፤ ግን አላጠፋችውም።

ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። “ሲስተም” ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ ስሙ ሲስተም ሆኖ ቀረ። ሻዩ ሲዘገይበት ሲስተም የለም፤ ሽንት ቤቱ ሲደፈን ሲስተም የለም። ፋይሉን ያሳዩት ቀን የሞተ ሰው ያየ መሰለ።

“ይሄማ ስክሪፕት ነው!” አለ። “ለተማሪ መለማመጃ የሚሆን ነገር! ሎደር ነጂ ኮድ ከፍቶ ስለ ጓንት የሚጽፍበት ድርጅት የት ታይቷል?”

“ከፍተው ስለሚያዩት ነው ስሕተቱ ቶሎ የሚገኘው” አለችው ክብሪት።

“ኮዱን ስጪኝ፤ ባለሙያዎች ያዩታል።”

ሰጠችው። ይታያል ነው የተባለችው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የነገራት የለም። ብዙም ሳይቆይ የማደባለቂያው ክፍል ኮምፒውተር ፊቱን ቀየረ። ድሮ የውሃው ሊትርና የሲሚንቶው ኪሎ በቁጥር ይታይ ነበር፤ አሁን አንድ ትልቅ አረንጓዴ መብራት ብቻ ሆነ። ቁጥር ኦፕሬተሩን ያደናግራል ብሎ ነው ሲስተም። ክብሪት ያኔም ነድዳ ነበር፤ ጋሼ ግን “ተዪው ሚጣ፣ ቀለም ነው የቀባው” አላት። እውነትም የፕሮግራሙ ስም ያው ነበር፣ እሱን ለማስነሣት የሚጫኑት ምልክት ያው ነበር፣ ፋይሉም ከቦታው አልተነሣም።

የኩቦቹን ውጤት እንዳስገባች ስብሰባ ተጠራ። ሲስተም ያንን የናቀውን ፋይል በግድግዳው ላይ በትልቁ አስነሥቶ ጠበቃቸው። ኮለኖቹ ከመሞላታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የአሸዋው አቅራቢ ተለውጦ ነበር፤ አዲሱ አሸዋ ብዙ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከቧንቧ የሚጨመረው ውሃ መቀነስ ነበረበት። ጋሼ ይህንን ከእህቱ ጋር ሆኖ አሸዋውን በብረት ድስት አድርቆ፣ መዝኖ፣ አረጋግጦ ቀንሶታል። ቅናሹም፣ ማስታወሻውም ግድግዳው ላይ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር።

“እንግዲህ ተመልከቱ” አለ ሲስተም። “ውሃው ተቀንሷል። አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ ተቀንሷል። ስለዚህ ሲስተሙ ትክክል ነው። ሲስተሙ ትክክል ከሆነ ትርፉ ውሃ ከየት መጣ? ከሰው እጅ!” ወደ ጋሼ ዞረ። “አንተ! በማጠቢያው ቱቦ ትጨምርበት ነበር?”

አንተ! ሾፌሮቹ ተያዩ። ሲስተም የጋሼ የመጨረሻ ታናሽ ወንድም ቢሆን ነው፤ ነገር ግን “አንተ” ሲል ምላሱ አልተያዘችም። ክብሪት ጥርሷን ነክሳ ወንድሟን ጠበቀች፤ አሁን እንኳ ይናገራል ብላ።

“እኔ በቱቦ አልጨመርኩም” አለ ጋሼ መሬት መሬት እያየ። “ግን ድብልቁ ቀጥኖብኝ ነበር። ለእርስዎም ነግሬዎታለሁ፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ሥራህን ሥራ አሉኝ። እኔም ፋይሉ ላይ ውሃውን ቀነስኩ፤ ያው ቀጠነ። ደግሜ ቀነስኩ፤ ያው ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት የተሳሳትኩት ነገር ይኖር ይሆናል።”

“ይኸው! ከራሱ አፍ!” አለ ሲስተም። “በቃ፣ አንድ ጭነት ነው የተበላሸው። ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ ይመጣሉ። አንድ ኮለን እናፈርሳለን፣ ኦፕሬተሩን አሰናብተናል እንላቸዋለን፣ ነገ ሶሌታው ይሞላል።”

ስብሰባው አለቀ። ዕድሜውን ሙሉ ስሙን ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንደዚያ በአንድ አፍ ተጣለ። ሾፌሮቹ ዓይን ዓይኑን ላለማየት ስልካቸውን እያወጡ ወጡ።

ክብሪት ወንድሟን በእጅጌው ጎትታ ወደ ማደባለቂያው ክፍል አስገባችውና በሩን በሩ እስኪንቀጠቀጥ ዘጋችው።

“ተሳስቼ ይሆናል? ምን ሆነህ ነው ተሳስቼ ይሆናል የምትለው? ጨምረሃል?”

“አልጨመርኩም።”

“እና?”

“ፋይሉን አይተሻል ሚጣ። ፋይሉ ትክክል ነው። ፋይሉ ትክክል ከሆነ የሚቀረው እኔ ነኝ።”

አንጀቷን ያሳረራት ይህ ነበር። ሰውየው በዓይኑ አይቷል፣ ድብልቁ ከመኪናው አፍ ሲወርድ ሲንቦጫረቅ በጆሮው ሰምቷል፤ ግን ከራሱ ዓይንና ጆሮ ይልቅ ፋይሉን አመነ። እንዲያምነው ያስተማረችው ደግሞ እሷ ናት። “የተጻፈው ይሠራል ጋሼ፣ አትጠራጠር” ያለችው እሷ ናት። ታዲያ የተጻፈው እየተሠራ ውሃው ከየት መጣ?

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ፋይሉን ከፈተች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ እንከን የላቸውም። የሲስተም “አንተ!” አሁንም ጆሮዋ ላይ ይጮህ ነበር። ከንዴቷ ብዛት በፋይሉ እኩሌታ ላይ፣ ውሃው የሚሰላበት ቦታ ላይ ገብታ፣ ጭረት የለ ምን የለ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ሲስተም አህያ ነው።

“ኧረ ተይ” አለ ጋሼ።

“ቆይ አንድ ጊዜ።”

አስቀመጠችው። ጭረት የሌለውን መስመር ማሽኑ እንደ ትእዛዝ ያነበዋል፤ አህያ ምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሆነ ደግሞ ማሽኑ አያውቅም። ፋይሉን እንደተለመደው አንብቦ የሚሠራ ከሆነ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ መጮህና መቆም አለበት። ፕሮግራሙን ዘጋችና ሁልጊዜ የሚጫኑትን ምልክት ተጫነች።

አረንጓዴው መብራት በራ። ጠበቀች። መብራቱ ምንም እንዳልተሰደበ ሰው ፈካ ብሎ ቀጠለ።

ከዚያ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተችና ፋይሉን በስሙ ጠርታ በቀጥታ አስነሣችው። ወዲያው ቆመ፤ የስድቡን መስመር ነቅሶ አውጥቶ ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልሄድም አለ።

“ገባህ?” አለች። “ምልክቱን ስትጫን የሚነሣው ይሄ ፋይል አይደለም ጋሼ። ከእኔ የወሰዱትን አሽገው ሌላ አድርገው አስቀምጠውልሃል፤ አሸዋው ከመለወጡ በፊት ያሸጉትን! አንተ እዚህ ስትቀንስ እዚያ ምንም አልተቀነሰም። ይሄ ፋይል ሞቷል። ስትቀንስ የከረምከው ከሞተ ፋይል ላይ ነው።”

ጋሼ ፋይሉ ወደተከፈተበት ስክሪን ጎንበስ አለ። ማስታወሻዎቹን ከታች ወደ ላይ እያነበበ ሄደ። አሁንም ቀጥኗል፣ ትንሽ ቀንሻለሁ። የከሰዓቱ ተረኛ፦ እኔም ቀንሻለሁ፣ አሸዋው ክፉ ነው። እንደገና ቀንሻለሁ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ለማን ነበር የምንጽፈው?” አለ።

ክብሪት ተነሥታ ወጣች፤ ግቢውን በሩጫ አቋርጣ የሥራ አስኪያጁን በር ሳታንኳኳ ገባች።

“ፕሮግራሙን ማን ለወጠው?”

“ሰው በር ያንኳኳል” አለ ሲስተም።

“ማን ለወጠው አልኩህ!”

አንተ ማለቷን የሰማችው ካለች በኋላ ነው፤ ልትመልሰውም አልፈለገችም። ሲስተም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

“ባለሙያዎች በወጉ ኮምፓይል አድርገው አስገቡት። ይህም ለሁሉም ሠራተኛ በኢሜይል ተነግሯል።”

“ለሁሉም? ማደባለቂያ ክፍል ውስጥ ኢሜይል ያለው ሰው አንድ ጥራልኝ! አንድ!”

“ያ የእኔ ችግር አይደለም።”

“ጠዋት ፋይሉን ግድግዳ ላይ ስታስነሣ፣ ይኸው ውሃው ተቀንሷል ስትል፣ ፋይሉ እንደማይሠራ ታውቅ ነበር?”

ሲስተም ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ዝምታ ለመለየት እህት መሆን አያስፈልግም። ያውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እያወቀ ነው ወንድሟን “አንተ!” ያለው። ክብሪት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ አንሥታ ፊቱ ላይ ብትወረውር ምን ያህል ደስ እንደሚላት አሰበች።

ሰውየው ግን ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን አለሰለሰ።

“ስሚኝ እህቴ። የውሃው ነገር ከተነሣ ከአዲሱ አሸዋ ወዲህ የተሞላው ሁሉ ነው የሚነሣው። ኮለኑ ሁሉ። ይህ ለማናችንም አይበጅም። ተቆጣጣሪዋ ሲመጡ ኩቦቹ ውሃ ውስጥ በደንብ አልቆዩም፣ የላብራቶሪ ስሕተት ነው በያቸው። ስሕተት ነው፣ ማንም አይቀጣም። ወንድምሽ ሥራው ላይ ይቆያል፤ ስሙም አይነሣም። ፕሮግራሙንም ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። እምቢ ካልሽ ግን የማደባለቂያው ኃላፊ እሱ ነው። ከሥራ ማባረር ብቻ አይሆንም፣ ይከሰሳል። ፍርድ ቤት ሄደሽ ስለ ፋይል ስታስረጂ አያለሁ።”

ክብሪት አፏን ከፈተች። ስድቡ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ከዚያ ጋሼ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ለሥራ በሚያስረው ሰፊ ቀበቶው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ “አንተ!” እየተባለ ታያት። ልጆቹ ታዩዋት፤ ትንሿ ገና ፊደል መቁጠሯ ነው። እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ሲስተም ግን ፊቷን አይቶ ፈገግ አለና “ጎበዝ” አላት።

ከዚያች “ጎበዝ” በላይ የጠላችው ቃል በዕድሜዋ አልነበረም፤ ሆኖም ይዛው ወጣች።

ጋሼ ከተወችው ቦታ አልተነቃነቀም። ሁሉንም ነገረችው፣ ሲስተም ማወቁን ጨምራ፣ እየተጣደፈች፣ ዓይኑን ሳታይ። “ሥራህ ላይ ትቆያለህ” አለችው። “ስምህ አይነሣም።”

“ኮለኖቹስ?”

“ምናልባት እኮ ሌሎቹ ያን ያህል አይሆኑም…”

“የጨመቅሻቸው አንቺ ነሽ። ይችላሉ?”

ክብሪት ወደ በሩ ዞረች።

“ይችላሉ ወይ አልኩሽ።”

“አይችሉም።”

“ሰው ከነልጁ ተኝቶ የሚያድርበት ቤት ነው” አለ ጋሼ።

“ያንተስ ልጆች? የነሱን ማን ያስብ? ሁልጊዜ አንተ ነህ የምትሸከመው?”

ጋሼ ኮፍያውን አደረገ። ለጊዜው ምንም አላለም፤ እሷም እሺ ያለ መሰላት። ከዝምታዎቹ ሁሉ ያሳሳታት ያ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ ሲመጡ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወጣ። ጠና ያሉ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሴት ናቸው። ሲስተም እጁን ዘርግቶ ሲቀበላቸው “አንዲት ትንሽ የላብራቶሪ…” ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም፤ ጋሼ ከሾፌሮቹ መሐል ወጥቶ ፊታቸው ቆመ።

“ጥፋተኛው እኔ ነኝ እመቤቴ” አለ። “ውሃውን ያበዛሁት እኔ ነኝ። አንድ ጭነት ላይ አይደለም፤ ከአዲሱ አሸዋ ወዲህ የሞላሁት ኮለን ሁሉ ነው። ይፈተሽ፣ ይፈርስ። ነገ በላዩ ላይ ምንም እንዳይፈስስ።”

ሲስተም የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ክብሪት ለቅጽበት ያህል አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። ፋይል ፋይል ቢል ማን ይሰማዋል? ማስረጃውን የምታውቀው እሷ፣ ዝም ልትል ደግሞ የመጣችው እሷ። ክርክሩ ሲጎተት ሶሌታው ይፈስሳል። እኔ ነኝ ያለ ሰው ላይ ግን ክርክር የለም። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ስሙን አውጥቶ ለኮለኖቹ ከፈለ።

“ውሸቱን ነው!” ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከግቢው አልፎ ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ግንበኞች አስቆመ። “ውሸቱን ነው፣ አትስሙት! አንዲት ጠብታ አልጨመረም! ይምጡ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ!”

“ልጅቷ ወንድሟ ስለሆነ ነው” አለ ሲስተም።

“አንተ ዝም በል!”

ተቆጣጣሪዋ ሲስተምን አዩት፣ ክብሪትን አዩዋትና “ምንድነው የማየው?” አሉ።

የማደባለቂያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሾፌሮቹ በበሩና በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ክብሪት ስለ ፋይሉ አስረዳች፤ ስትናደድ አጥርታ ነው የምትናገረው። ይኸው ጋሼ የቀነሰው፣ ይኸው የፋይሉ ጽሑፍ። ይኸው ደግሞ በመሐሉ ዛሬ እኔ የጻፍኩት መስመር፤ ማሽኑ ካነበበው መቆም ያለበት። ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉና ጮክ ብለው አነበቡ፦

“ሲስተም… አህያ… ነው።”

በመስኮቱ በኩል አንድ ሾፌር ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈንድቶ ሸሸ። ተቆጣጣሪዋ አልሳቁም።

“አሁን ምልክቱን ይጫኑት” አለች ክብሪት።

ተጫኑት። አረንጓዴ። ክብሪት ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ፋይሉን በቀጥታ አስነሣችላቸው፤ ስድቡ ላይ ሲደርስ ተገትሮ ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም ራሳቸው ደግመው ሞከሩት። ከዚያ ወደ ሲስተም ዞሩ።

“ኦፕሬተሮቹ የሚያርሙት ፋይል እንደማይሠራ ያውቁ ነበር?”

“ኢሜይል…” አለ ሲስተም።

“ማወቅዎን ነው የጠየቅኩዎት።”

ሲስተም ወደ በሩ አየ። ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። የነገው ሶሌታ መቆሙን፣ ከአዲሱ አሸዋ ወዲህ የተሞላው ኮለን ሁሉ እንደሚፈርስ፣ ማደባለቂያውም እሳቸው ሳይፈቅዱ እንደማይነሣ እዚያው ተናገሩ። ለሕንፃው አሠሪ የሚያቀርቡት የማንን ጥፋት እንደሆነም ተናገሩ፤ የሲስተምን ስም ከነማዕረጉ ጠሩ። ሲወጡ ጋሼ ፊት ቆም አሉና “እርስዎ ደግሞ ሁለተኛ ያልሠሩትን ሠራሁ እንዳይሉኝ” ብለውት አለፉ።

ሾፌሮቹ ጋሼን ከበቡት፤ ትከሻውን መቱት፣ ሳሙት። የሎደሩ ሾፌር ስድቡ ተቀርጾ በር ላይ ይሰቀል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሲስተም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መኪናው ሲሄድ መንገድ የለቀቀለት ሰው አልነበረም፤ እየዞረ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ክብሪት ከወንድሟ ጋር ለብቻቸው ቀሩ። ደስ ብሏት ነበር፤ አሸንፋለች። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቷት የማደባለቂያውን ማብሪያዎች አንድ በአንድ እያጠፋ ነበር።

“አየህ ያንን ሰውዬ ፊቱን?” አለችው። “አየኸው ጋሼ?”

ዝም አላት።

“ተናደሃል እንዴ?”

ያኔ ዞረ። ክብሪት ይህን ፊት አታውቀውም ነበር።

“እሱ አልነገረኝም” አለ። “እሺ። ባዳ ነው፣ ስሜን እንኳ በወጉ አያውቀውም። አንቺ ግን!” ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ግቢው ውስጥ ሲሳሳቁ የነበሩት ሾፌሮች ድንገት ዝም አሉ። “አንቺ በገዛ እጅሽ ጨምቀሽ፣ እንደማይችሉ አውቀሽ፣ መጥተሽ ዝም እንበል አልሽኝ! ለእኔ ብለሽ! በሰው ልጅ ላይ የሚወድቅ ቤት ለእኔ ብለሽ! እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?”

ክብሪት ለአንተ ብዬ ነው እንዳትል፣ እሱ ቀድሞ ብሎታል። እንባዋ መጣ፤ ከንዴት ነው እንዳትል፣ የምትናደድበት ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ከራሷ ሌላ አልነበረም።

“ፈርቼ ነው ጋሼ” አለች።

“እኔም ፈርቼ ነበር” አለና የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት ወጣ።